ለብቻ የተማሩት ድብድብ

ጥቅምት 3

ለማከብርህ ለጋሼ፣

ሰላምታዬ አንተ ካለህበት ፎቅ ድረስ ይድረስህ፤ አሳንሰሩ ቆሞ ከሆነም በደረጃ ይውጣ። እኛ ደህና ነን። እናቴም ደህና ናት፤ ከቀኝ ጉልበቷ ጋር ብቻ አይነጋገሩም። ወንድሜ ናፈቀኝ ማለቱን ትታ አሁን «ያ ሰውዬ ይበላል ወይ?» ሆኗል ነገሯ። ይህንንም ናፍቆት ብለህ ውሰደው።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በዚህ ቤት ስልክ የጋራ ንብረት ነው። አንተ በደወልክ ቁጥር ከእናቴ ወደ አክስቴ፣ ከአክስቴ ወደ ጎረቤት ሲዞር ይቆይና እኔ እጅ ሲገባ «በሉ እንግዲህ ደህና ሁኑ» የምትልበት ሰዓት ላይ ደርሰሃል። ደብዳቤን ግን ቢያንስ መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚያነበው።

ጉዳዬ የድብድብ ጌሙ ነው። አትሳቅ። ስትሄድ ትተህልኝ የሄድከው ማሽን ዛሬም ይሠራል። ቀን ቀን ጥርስ ሐኪም ቤት መሣሪያ አቀብላለሁ፤ አፉን የከፈተ ሰው ምራቅ በቱቦ እስባለሁ። ከሥራ መልስ ደግሞ ጫማዬን ሳላወልቅ ማሽኑ ፊት እቀመጣለሁ። ባለፈው ወር የመጨረሻውን ደረጃ ጨረስኩ። ባለ ቀንዱን፣ ያንን ማንም ያልደፈረውን የመጨረሻ ተደባዳቢ፣ አንድ ዙር እንኳን ሳይወስድብኝ ጣልኩት። ጮህኩ። እናቴ አይጥ ያየሁ መስሏት መጥረጊያ ይዛ ገባች። ድሌን ያየ ሰው እሷ ብቻ ናት፤ እሷም «ይኼ ባለ ቀንድ ምን አድርጎሽ ነው?» ብላኝ ወጣች።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የከተማው ጌም ቤቶች እያንዳንዳቸው አንድ ተጫዋች ልከው ሊያጋጥሙ ነው። የሰፈራችንም ጌም ቤት አንድ ሰው ይልካል። ባለቤቱን ታስታውሰዋለህ፤ ብቻውን ቆሞ «እኛ ወስነናል» ስለሚል ኮሚቴው ያላችሁት። ሄጄ እኔን ላከኝ አልኩት።

«ከማን ጋር ነው ስትጫወቺ የኖርሽው?» አለኝ።

«ከማሽኑ ጋር።»

«ከማሽን ጋር የተጫወተ ከግድግዳ ጋር እንደተሟገተ ነው። ግድግዳ ረትቶ የተመሰገነ ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?»

«የእኔ ግድግዳ መልሶ ይመታል» አልኩት።

«እኛ አልተቀበልነውም» አለ። ዙሪያውን አየሁ። ከእሱ በቀር ማንም አልነበረም።

ጋሼ፣ ስምህ እዚያ ቤት እስከ ዛሬ ይጠራል። «ልጅቷ ትችላለች» የምትል አንዲት መስመር ጻፍለት። ሌላ ምንም አልለምንህም። ሰው ይህን የሚያህል ነገር ለብቻው ሠርቶ አልሠራህም ሲባል ዝም የሚል ከሆነ፣ እኔ ያ ሰው አይደለሁም።

የእህትህ ልጅ

እናቴ ፎቶ ላክ ትላለች። ብቻህን የተነሳኸውን አይደለም፤ ከሰው ጋር።


ኅዳር 2

ለውድ የእህቴ ልጅ ለሚጣ፣

ጤና ከደጃፋችሁ አይታጣ፤ የእህቴንና የጉልበቷንም ጠብ ፈጣሪ በዕርቅ ይጨርሰው። እኔ እበላለሁ። ይህን ለእናትሽ አንብቢላት። ቀጥሎ ያለውን አታንብቢላት።

ኮሚቴው ልክ ነው። ሰው ለሥጋ ዘመዱ ብሎ ያላየውን መመስከር ከጀመረ፣ ዓለም የተያዘችበት ብሎን አንድ በአንድ ይላላል። ምስክርነቱን አልጽፍም።

ምክንያቱንም ስሚ። ማሽን አያፍርም። አለቃው ትናንት የተናገረው ነገር ዛሬ አያንገበግበውም። ሆዱን አይቆርጠውም፤ ጀርባው ሰው መቆሙ አያስጨንቀውም። አንቺ ስትጋጠሚ የኖርሽው ልኩ ከታወቀ ነገር ጋር ነው። ገንዳ ውስጥ ሲንቦጫረቅ የከረመ፣ ወንዝ አቋረጥኩ ብሎ ለሰው አያወራም። ሰው ማለት ወንዝ ነው፤ ሲያዩት ጉልበት አይደርስም፣ ሲገቡበት አንገት ያልፋል።

ባለ ቀንዱን ጣልኩ ብለሽ እናትሽን መጥረጊያ አስይዘሻታል። ደስ ይበልሽ። ግን ባለ ቀንዱ ሁለት ጊዜ ተከታትሎ ከወደቀ በሦስተኛው ሁልጊዜ በእግሩ መሬት እየጠረገ ነው የሚነሳው፤ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ብሎ ጠብቆ መምታት ነው፣ አለቀ። ይህ ሽምደዳ እንጂ ችሎታ አይባልም። እኔ ከማሽን ጋር የተጫወትኩት እዚያው እናንተ ዘንድ ሳለሁ ነው። እዚህ ከመጣሁ ወዲህ ነክቼውም አላውቅ። እዚህ ሰፈሬ ውስጥ የጌም አዳራሽ አለ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው ከሰው ጋር ይገጥማል። እኔን «አሳንሰሩ» ነው የሚሉኝ፤ የወጣውን ሁሉ ስለማወርድ።

እንግዲህ ችሎታ የሚባለው ይህ ነው፤ ሰው መሃል ተቀምጦ፣ ሰው እያየ። ለመወዳደር ካማረሽ ከክፍልሽ ውጪ።

አጎትሽ

ፎቶ እልካለሁ። ጓደኞቼን ባንድ ቀን መሰብሰብ ነው ያስቸገረኝ፤ ብዙ ናቸው።


ኅዳር 21

ለማከብርህ ለጋሼ፣

ሰላምታው እንደ ወትሮው ነው፤ ደህና ነን፣ ደህና ሁን። ደብዳቤህ ደርሶኛል፤ ስብከቱም ሳይጎድል ደርሶኛል።

ከክፍልሽ ውጪ ብለሃል፤ ወጣሁ። የረሳኸው ካለ ላስታውስህ፤ ጌም ቤቱ ዛሬም ያው ነው። ከስክሪኑ ፊት ሁለት በርጩማ፣ ከኋላ የሚጠባበቅ ሰልፍ። ያሸነፈ ይቀመጣል፤ የተሸነፈ ተነስቶ ከሰልፉ ጫፍ ይቆማል። ኮሚቴው ከዚህ ሌላ ሕግ የለውም፤ ይህቺንም ራሱ አላወጣትም፤ ቤቱን ሲገዛ አብራ መጣች።

በመጀመሪያው ቀን የጣለኝን ሰው ልንገርህ። ታክሲ ነጂ ነው። መኪናው እስኪታጠብለት ጊዜ ሊገድል ገባ። ጌሙን አያውቀውም። ጆይስቲኩን እንደ ትኩስ ድንች ይዞ ቁልፎቹን ሁሉ በመዳፉ ይደፈጥጣል። እኔ ወደ ኋላ ሸሽቼ ማሽኑ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው ቦታው ላይ እንዲቆም ጠበቅሁ። አልቆመም። ባለበት ይዘላል። ለምን እንደዘለለ ሳስብ እላዬ ላይ ወረደ። ማሽኑ በኖረበት ዘመን ሁሉ ያለ ምክንያት ዘሎብኝ አያውቅም፤ ይህ ሰውዬ ግን ያለ ምክንያት ብቻ ነው የሚዘለው። ከጣለኝ በኋላ «ይቅርታ እህቴ፣ የቱን እንደነካሁ እኔም አላውቅ» አለኝ። ይህቺ ይቅርታ ከምቱ ሁሉ ይበልጥ አመመችኝ።

ከእሱ ወዲያም ተሸነፍኩ። የቤቱ አንደኛ ምላጭ የሚሉት ነው፤ አጠገቡ ባለው ጸጉር ቤት አስተካካይ ነው። አፉ አያርፍም። ሲደበድብህ እንኳን ስለ አየሩ ያጫውትሃል።

«ምነው እህት፣ ግድግዳሽ ናፈቀሽ?» አለኝ።

«አዎ፤ ግድግዳ ቢያንስ ዝም ይላል።»

ሰዉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤ እየሳቀ ጣለኝ።

እንዳትደሰት። ተሸነፍኩ አልኩ እንጂ ተሳሳትኩ አላልኩም። ከክፍሌ ይዤው የመጣሁት ነገር አለ፤ እዚህ ገበያ ላይ እንዴት እንደሚመነዘር ነው ያጣሁት። ኮሚቴው ፊት ቆሜ «ከምላጭ ጋር አጋጥመኝ፤ ቀድሞ ሦስት ጨዋታ ያሸነፈ ይሂድ» አልኩት። ሰው እየሰማ ስለነበር እምቢ ማለት አልቻለም። በየካቲት መጀመሪያ እሑድ ይሁን አለ። ካሸነፍኩ እኔ እሄዳለሁ፤ ከተሸነፍኩ ዳግመኛ ላልጠይቅ። ይህን ከሰው ሁሉ ፊት አፌን ሞልቼ ተናግሬያለሁ፤ እንግዲህ ከዚያች ቀን በኋላ ወይ ተጫዋች ነኝ፣ ወይ ብቻዋን የምትጮህ ሴት ነኝ።

ምስክርነትህን ከእንግዲህ አልፈልገውም። ይልቅ ሌላ ነገር ስጠኝ። አንተ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰው መሃል ነህ። ሰውን እንዴት ነው የሚያነቡት? ሊመታ መሆኑን በምን ታውቃለህ? እሱን ብቻ ጻፍልኝ፤ ግን ፍጠን።

የእህትህ ልጅ

እናቴ «ፎቶው?» ትላለች።


ጥር 6

ለውድ የእህቴ ልጅ፣

ይህ ደብዳቤ ሁላችሁንም በጤና ያግኛችሁ። መዘግየቴ በሥራ ነው። የአንድ ሆስፒታል አሳንሰር በሁለት ፎቅ መካከል ቆሞ፣ ጉድጓዱ ውስጥ ስወጣና ስወርድ ከረምኩ። ውስጥ የቀሩት ሰዎች በደህና ወጥተዋል፤ አንደኛው ግን ከዚያ ወዲህ ሦስተኛ ፎቅም ቢሆን በእግሩ ነው የሚወጣው አሉ።

ጥያቄሽ ቀላል ነው። ዓይኑን እዪ። ሰው ሊመታ ሲል ከእጁ ዓይኑ ይቀድማል። የቅንድቡን መጠጋት፣ የሽፋሽፍቱን መርገብገብ ተከታተዪ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ የማደርገው ይህንኑ ነው፤ ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ነው የምጥላቸው። ዓይን የልብ በር ነው ሲባል ሰምተሽ የለ።

ፎቶውን ይኸው። የተነሳሁት አዲስ የገጠምነው አሳንሰር ውስጥ ነው፤ አራቱም ግድግዳው መስታወት ነው፤ ያምራል። ጓደኞቼ ሁሉ ነበሩ፤ አጋጣሚ ሆኖ ከፎቶው ውጪ ቀሩ። ያነሳኝም አንዱ ነው።

አጎትሽ


ጥር 20

ለጋሼ፣

ሰላም ለአንተ ይሁን፤ ከልቤ ነው። ቀጥሎ የምጽፈውን ስታነብ ይህቺን ሰላምታ አስታውሳት።

ፎቶውን እናቴ ተቀበለችኝ። መነጽሯን ጠርጋ አደረገች።

«ሰውነቱ ደህና ነው። ጓደኞቹ የታሉ?»

«ከፎቶው ውጪ ናቸው ይላል። ያነሳውም አንዱ ነው።»

«እንዴ፣ መስታወቱ ውስጥስ?»

አየሁት። መስታወቱ ውስጥ አንተ አለህ። ከጀርባህ ሌላ አንተ አለህ። ከእሱ ጀርባ ደግሞ ሌላ። ሁላችሁም ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ስልክ ይዛችኋል። ጋሼ፣ አሳንሰር ጠጋኝ ሆነህ መስታወት ውስጥ ገብተህ ትዋሻለህ? እናቴ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ አስቀመጠችና ጓዳ ገባች፤ ድስት ሲንኳኳ ሰማሁ፤ የምታበስለው ግን አልነበራትም።

ከዚያ ደብዳቤዎችህን ሁሉ መልሼ አነበብኳቸው። ባለ ቀንዱ በሦስተኛው ሲነሳ እግሩ መሬት ይጠርጋል ብለሃል። እውነት ነው። ግን አንተ እዚህ ሳለህ ከስድስተኛው ደረጃ አልፈህ አታውቅም፤ አጠገብህ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፤ ጆይስቲኩን ወርውረህ እናቴ ጆሮህን ስትይዝህም አይቻለሁ። ባለ ቀንዱን የት አገኘኸው? ከሄድኩ ወዲህ ማሽን ነክቼ አላውቅም ያለ ሰው የባለ ቀንዱን አነሳስ እንደ ጎረቤቱ አካሄድ ያውቀዋል።

ዓይኑን እዪው ያልከኝ ደግሞ ከሁሉ ይብሳል። ጌም ቤት ውስጥ ሰው ፊት ለፊት አይቀመጥም። ጎን ለጎን ነው፤ ሁሉም ስክሪኑን ነው የሚያየው። የሰው ዓይን እያየሁ እጫወታለሁ የሚል ሰው፣ ከሰው አጠገብ ተቀምጦ መጫወት ምን እንደሚመስል የረሳ ሰው ነው።

ውሸታም አላልኩህም። ያልኩህ ይህንን ነው፤ አንተም እንደኔው ነህ። ስትሄድ ማሽኑን ለእኔ ትተህ ሁለተኛውን ጆይስቲክ ይዘህ ሄድክ። እኔ በአንዱ ብቻዬን ቀረሁ፤ አንተም በአንዱ። ታዲያ ምን ብለህ ነው ኮሚቴው ልክ ነው የምትለኝ? ኮሚቴው ባያውቅ አይፈረድበትም፤ አንተ ግን ታውቃለህ። እኔን ስትክድ ራስህን ነው የካድከው። እሱ ነው ያናደደኝ።

ግጥሚያው የካቲት በገባ በመጀመሪያው እሑድ ነው። ምክር አትላክልኝ።

የእህትህ ልጅ


የካቲት 2

ሚጣ፣

ጤና ይስጥልኝ። ተናድጃለሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ይቻላል።

አዎ፣ ብቻዬን ነው የምጫወተው። እና? ጠዋት ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ገመድ እፈትሻለሁ፤ ምሳዬን በየሕንጻው አናት ላይ፣ የአሳንሰሩ ሞተር ያለበት ክፍል ውስጥ እበላለሁ፤ ማታ ቤቴ ገብቼ እዚህ የገዛሁትን ማሽን እከፍታለሁ። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳወጣና ሳወርድ እውላለሁ፤ አንዱም ስሜን አያውቅም። ማሽኑም አያውቅም፤ እሱ ግን ቢያንስ እኔ ስገባ ከተቀመጠበት ይነሳል።

አዳራሹን አልፈጠርኩትም። አለ። ከጫማ ሰፊውና ከቁልፍ ቀራጩ መሃል ነው፤ ከሥራ ስመለስ አልፈዋለሁ። አንድ ቀን ገባሁ። አንዱ ዞር ብሎ «ትጫወታለህ?» አለኝ። «ሰው እየጠበቅሁ ነው» አልኩት። ማንንም አልጠበቅሁም። ጥቂት ቆምኩ፤ ሰዓቴን አየሁ፤ የቀጠረኝ ሰው የቀረብኝ ይመስል አንገቴን ነቅንቄ ወጣሁ። በልቤም ያልመጣውን ሰውዬ ረገምኩት።

ጆይስቲኩም እዚህ አለ። ካልሲ ውስጥ ጠቅልዬ ነው ያመጣሁት። መልስ እንዳትዪኝ፤ አልመልስም።

ግን ኮሚቴው ልክ ነው ያልኩትን ሰርዢው። በወፍራሙ ሰርዢው። ለብቻው የተማረ ሰው ማንም አላጨበጨበለትም። ሲሳሳት የሚያመካኝበት ሰው የለውም፤ «በወሬ አስተውኝ ነው»፣ «ገፍተውኝ ነው» አይልም። ሲያሸንፍም የሚኮራበት ሰው የለውም። ከስድስተኛው ደረጃ ሰባተኛው ላይ እስክደርስ ሁለት ክረምት አልፎብኛል፤ ያየኝ የለም፤ ግን ደርሻለሁ። ሰው ያላየው ችሎታ ችሎታ አይደለም የሚል ካለ እስቲ ይንገረኝ፤ የአሳንሰር ገመድ ማን አይቶ ያውቃል? ሚኒስትሩም ጽዳቱም ተንጠልጥለውበት ይወጣሉ።

ምክር አትላክ ብለሻል፤ አልልክም። ሄደሽ ጣዪው።

አጎትሽ

ለእናትሽ ሌላ ፎቶ የለኝም በያት። እበላለሁ ግን። እሱ ውሸት አይደለም።


የካቲት 19

ለማከብርህ፣ አሁን ደግሞ በጣም ለማከብርህ ለጋሼ፣

ደብዳቤህ ግጥሚያው ካለቀ በኋላ ደረሰኝ። ጥሩ ሆነ፤ ቀድሞ ቢደርስ እያለቀስኩ እጫወት ነበር፣ እንባ ደግሞ ስክሪን ያደበዝዛል። እናቴ መብላትህን ሰምታ «ምን ምን?» ብላለች። በሚቀጥለው ዘርዝርላት።

እሑድ ቤቱ ሞልቶ ነበር። ጸጉር ቤቱ ተዘግቶ ሰዉ ፎጣ እንዳጠለቀ ነው የመጣው፤ አንዱ ሰውዬ ግማሽ ራሱ ተላጭቶ ግማሹ ቀርቶ ነበር፤ ምላጭ «ሦስት ጨዋታ ነው፣ አሁን እመለሳለሁ» ብሎ ያስነሳው ነው። እንዲህ ነው የናቀኝ።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጨዋታዎች ወሰደ። አልዋሽህም፤ በመጀመሪያው ምክርህን ሞክሬዋለሁ፤ አንገቴን አዙሬ ዓይኑን አየሁ። ወዲያው ተመታሁ።

«ምን ታዪኛለሽ እህት፣ ልታስተካክዪኝ ነው?»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ሁለተኛውን እንዴት እንደወሰደብኝ እንኳን አላውቀውም። አንድ ብቻ ነው የቀረው፤ እሱን ከወሰደ እኔ ያቺ ብቻዋን የምትጮህ ሴት ነኝ። ኮሚቴው ከኋላዬ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት፤ ውሳኔ ሊያሳልፍ ሲል ነው እንደዚያ የሚያደርገው።

ያን ጊዜ አንድ ነገር መጣልኝ። ማሽኑ ያን ሁሉ ዘመን ሲጥለኝ ዓይኔን አይቶ ያውቃል? አያውቅም። ምን ነበር የሚያደርገው? ይጠብቃል። ስሳሳት አንዴ ይመታኛል፤ ተመልሶ ቦታው ይቆማል። አይከተለኝም፣ አይፎክርም። ደረጃ ጨምሬ ስመጣ እንኳን «አደግሽ» አይለኝም። ከሰው ጋር መጫወት አላውቅበትም፤ እሺ። ማሽንን ግን እዚያ ቤት ውስጥ ከነበረው ሰው ሁሉ በላይ አውቀዋለሁ። ስለዚህ ከምላጭ ጋር መጫወቱን ተውኩት፤ ምላጭ ከማሽን ጋር ይጫወት ብዬ ማሽኑን ሆንኩለት።

ዝም አልኩ። ቆምኩ። ሲመጣ ተከላከልኩ፤ ሲስት አንዴ መታሁና ወደ ቦታዬ ተመለስኩ።

«እህት፣ ተኛሽ እንዴ?» አለ። አልመለስኩም። «አየሩ ምን ሆኗል ዘንድሮ...» አለ። መታሁት። ያኔ ነው ያወቅሁበት። ምላጭ አስተካካይ ነው። አስተካካይ ቁም ነገር ሲናገር መቀሱን አየር ላይ ያቆማል፤ ደንበኛ ሆነህ ስንቴ ታዝበኸዋል። እጁም እንደዚያው ነው፤ ዓረፍተ ነገሩ ሊያልቅ ሲል ጣቱ ቁልፉን ሳይጫን ይቆማል። እኔ ደግሞ ቀኑን ሙሉ አፉን ከፍቶ መናገር ከማይችል ሰው ጋር ነው የምውለው፤ የሰው ወሬ መልስ ሳልሰጥ መስማት ሥራዬ ነው። ስለ አየሩ አንዴ፣ ስለ አስፋልቱ አንዴ፣ ስለ አማቱ ሁለቴ መታሁት። ሦስተኛው ጨዋታ የእኔ ሆነ። አራተኛውም።

በአምስተኛው ዝም አለ። ጋሼ፣ ምላጭ ዝም ሲል ያየ ሰው በሰፈሩ ያለ አይመስለኝም። ከኋላ አንዱ «አሞታል እንዴ?» አለ። አፉን ሲዘጋ ግን እጁ ጠፋው፤ የሚያውቀው እያወራ መደባደብ ነው። ስክሪኑ ላይ ነፍሱ ጥቂት ሲቀራት ዘለለ፤ ያለ ምክንያት። ታክሲ ነጂው አስተምሮኛልና እታች ጠበቅሁት። አለቀ።

ከዚያ ኮሚቴው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ይኼ ጨዋታ አይደለም። ሰው ከሰው ጋር እንዲህ አይጫወትም። ማሽን ነው የሆንሽው። እኛ አልቆጠርነውም። ተነሺ።»

«ማን አሸነፈ?» አልኩት።

«እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።»

«ያሸነፈ ይቀመጣል። አልነሳም።»

«ቤቱ የእኔ ነው!» አለ። «የእኛ» ማለቱን የረሳው ያን ቀን ብቻ ነው።

«ቤቱ ያንተ ነው፤ በርጩማው ግን የአሸናፊ ነው። ደግሞ ትናንት ከማሽን ጋር ስለተጫወትኩ አይቆጠርም ተባልኩ። ዛሬ ከሰው ጋር ተጫውቼ እንደ ማሽን ነሽ፣ አይቆጠርም ተባልኩ። የቀረህ ሰበብ ካለ ተቀምጬ እሰማዋለሁ።»

ያን ጊዜ ምላጭ ራሱ ተነሳ። ጆይስቲኩን በርጩማው ላይ አኖረ፤ ሄዶ ከሰልፉ ጫፍ ቆመ። ከዚያ ሆኖ «ኮሚቴ፣ እኔ ተነስቻለሁ» አለ። «እሷም ከተነሳች አንተ ልትቀመጥ ነው?»

ግማሽ የተላጨው ሰውዬ ሲስቅ ቤቱ ሁሉ ተከተለው። ኮሚቴው ወረቀቱን አውጥቶ ስሜን ሲጽፍ ፊደሉን ሁሉ እየደቆሰ ነበር። ጽፎ ሲጨርስ «እኛ ወስነናል» አለ።

እንግዲህ አንተ ሰው ወንዝ ነው ብለሃል፤ ልክ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ደግሞ ገንዳው ውስጥ ያጠራቀምኩት ትንፋሽ ነው ወንዙን ያሻገረኝ። ከሁለታችን ማን እንደረታ አላውቅም፤ ብቻ ለኮሚቴው እንዳንነግረው።

ውድድሩ የፊታችን ቅዳሜ ነው። የመጀመሪያው ሰው ባንድ ትንፋሽ ሊጥለኝ ይችላል፤ የማላውቀው ዓይነት ሰው ሞልቷል አሉ። ይጣለኝ። ተጫዋች ሆኜ ነው የምወድቀው።

አንተም ቅዳሜ ሥራ የለህም። የአዳራሹን በር ግፋ። «ትጫወታለህ?» ሲሉህ ማንንም አትጠብቅ፤ «አዎ» በል፣ ተቀመጥ። ትሸነፋለህ። ባለ ቀንዱን የጣልክ ሰው መሆንህን ማንም አያውቅልህም፤ አንዱ ምናልባት ይቅርታ ሁሉ ይጠይቅህና ያቃጥልሃል። ስትሸነፍ ተነስ፤ ደንብ ነው። ግን ወደ በሩ እንዳትሄድ። ከሰልፉ ጫፍ ቁም፤ ከፊትህ ያለው ሰው ዞር ብሎ አንድ ነገር ሳይልህ አይቀርም፤ መልስለት።

የእህትህ ልጅ